ከግራሩ ሥር የወጡ እጆች

ከተመለስሁ ወዲህ የሰፈሬ ሰው ሁሉ «ጅጅጋ እንዴት ናት? ግመል ጋለብሽ ወይ?» እያለ ያደርቀኛል። ግመል አልጋለብሁም። ለእያንዳንዱ ቆሜ ከማወራ አንድ ጊዜ ጽፌ ብገላገል ይሻለኛል። ዕድሜዬን ሥነ ዜጋ ሳስተምር የኖርሁ ጡረተኛ ነኝ፤ ከደብረ ብርሃን ራቅሁ ካልሁ ለፈተና እርማት አዲስ አበባ፣ ለጸበል ደግሞ ሸንኮራ ዮሐንስ ነው። ምሥራቁን የማውቀው በካርታ ብቻ ነበር።

የጋበዘችኝ ሆዳን ናት። የጅጅጋ ልጅ ስትሆን ዩኒቨርሲቲ ደብረ ብርሃን ደርሷት፣ እኔ ግቢ ሰርቪስ ቤት ተከራይታ ነው የተማረችው። ብርዱን አልቻለችውም ነበር፤ ክረምት ክረምት ምድጃዬ ሥር እንደ ድመት ተጠቅልላ ነው የምታነበው። ለውጥ መጣ ከተባለ በኋላ አገሯ ገብታ አንድ ተቃዋሚ ፓርቲ ውስጥ ገባች። የፓርቲውን ስም አልጽፍም። የሚሉት ነገር ግን አጭር ነው፦ ቀበሌና ወረዳን የሚያስተዳድረው ሰው ከላይ የተላከ ሳይሆን ነዋሪው የመረጠው ይሁን። በደወለች ቁጥር «እትዬ፣ አንቺ ሰሌዳ ላይ የጻፍሽውን እኔ እግሬ እስኪነቃ እየዞርኩ እለምነዋለሁ፤ መጥተሽ እይው» ትለኛለች። ሄድሁ።

ቅዳሜ

ባዶ እጅ እንግድነት አይሆንልኝምና ሁለት የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ገዝቼ በማዳበሪያ ጠቀለልሁ። አንዱ ለሆዳን እናት፣ ሌላው ደግሞ በመንገድ ለሚያሳድረን ሰው። አዲስ አበባ የእህቴ ልጅ ዘንድ አደርሁ። ማዳበሪያውን አይታ ሳቀችብኝ፤ እኔም ምን ያስቃታል አልሁ።

እሑድ

ያሳቃት ነገር አውቶቡሱ ላይ ገባኝ። አጠገቤ የተቀመጠው ነጋዴ ማዳበሪያው ውስጥ ያለውን ጠይቆኝ ስነግረው «እናቴ፣ እኔ ዕድሜዬን ብርድ ልብስ ከዚያ ወደዚህ ሲመጣ ነው ያየሁት። ወደዚያ ሲሄድ ያየሁት ዛሬ ነው» አለኝ። ለካ በቶጎጫሌ ድንበር በኩል የሚገባው ብርድ ልብስ አገሩን ሞልቶታል። አዋሽ ኬላው ላይ ፈታሹ ማዳበሪያዬን ከፍቶ አየና ጓደኛውን ጠርቶ አሳየው። ሁለቱም ዝም ብለው መልሰው አሰሩልኝ፤ ከስድብ ይከፋል።

ጭሮ ልንደርስ ስንል ጎማ ፈነዳ። ከተማው ገብተን አደርን። የአልጋዬ ክፍል መቀርቀሪያ ስላልነበረው የቤቱ ባለቤት የራሷን ሣጥን ጎትታ በሬን አስደገፈችልኝና «በሉ ይተኙ፤ ከዚህ የሚገባ ካለ ጉልበተኛ ነው» አለችኝ። እንቅልፍ ባይወስደኝም ደግነቷን አልረሳውም።

ሰኞ

ሐረርንና ባቢሌን አልፈን የማርዳን ተራራ ስንሻገር አገሩ በአንድ ጊዜ ተዘረጋ። እኛ ጋ ሜዳ ሲባል ጥግ አለው፤ ጣርማ በር ላይ ሄዶ ገደል ይገባል። ይህኛው ማለቂያው አይታይም። ጅጅጋ ገብቼ ሆዳን ባጃጅ ይዛ ስትጠብቀኝ ከድሮው ከስታ አየኋት። እናቷ «ኤዶ» ብለው አቀፉኝ፤ አክስት ማለት ነው። ብርድ ልብሱን ሲያዩ እንደ ነጋዴው አልሳቁም። «ሌሊት እኛም ይበርደናል» ብለው ትከሻቸው ላይ ጣል አደረጉት፤ ላቡ ግን በግንባራቸው ሲወርድ አይቻለሁ።

ምሳ ሩዝ ነበር፤ ከአጠገቡ ሙዝ። ሙዙን ለኋላ ብዬ ሳቆየው እናትዮዋ ልጠው ሩዙ ላይ አደረጉልኝ። እኛ ቤት እንዲህ ያለ ነገር ያደረገ ልጅ ይቆነጠጣል። ጣፈጠኝ፤ አሁን እቤቴም እበላዋለሁ።

ከሰዓት በኋላ የፓርቲውን ቢሮ አሳየችኝ። ከአንድ ሱቅ በላይ ያለ ክፍል ነው። ታፔላው ውስጥ ገብቶ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ቆሟል። «አከራዩ ጥሩ ሰው ነው» አለችኝ ሆዳን፤ «‹ቢሮውን አትልቀቁ፣ ታፔላውን ብቻ አውርዱልኝ፣ ልጆች አሉኝ› አለን። እሺ አልነው።» የተቀጣ ተማሪ መሰለኝ ታፔላው። ልቀልድ ፈልጌ ፊቷን አይቼ ተውሁት።

ማክሰኞ

ቱሊ ጉሌድ የምትባል ወረዳ ሄድን። ስብሰባ የተፈቀደበት አዳራሽ ተቆልፎ አገኘነው፤ ቁልፉ ያለው ሰው ለቅሶ ሄዷል ተባለ። ለቅሶው የት እንደሆነ የሚያውቅ ግን የለም። አንዲት ሻይ ሻጭ ወንበሮቿን ሁሉ አውጥታ ዳሱ ሥር ደረደረችልንና ስብሰባው እዚያ ሆነ። ሽማግሌዎቹ ተራ በተራ ይናገራሉ። አንዱ ተነሥቶ ከአያቱ ጀምሮ ነገሩን ያመጣዋል፣ ሌላው ያንኑ በሌላ መንገድ ይደግመዋል፤ ግጥምም ይገባበታል። ሆዳን መጀመሪያ ላይ ስትተረጉምልኝ ቆይታ ደከማት። ፀሐይ አዘቀዘቀች። «ነገ ደግሞ እንቀጥላለን» ተባለ፤ እኛ ነገ ሌላ ቦታ ነን።

በመመለሻችን መኪናው ውስጥ ሆዳን ተናደደች። «የናንተን ዕድር ታስታውሺያለሽ እትዬ? እኔን ይዘሽኝ የሄድሽ ጊዜ? ‹አቶ እገሌ ዳኛ ይሁኑ የምትሉ እጅ አውጡ› ተባለ፤ ወጣ፤ አለቀ። ቡና እንኳ ሳይፈላ። ያን ቀን ነው እኔ ፖለቲካ የወደድኩት።»

እኔም ደስ አለኝ። አገሩን የሚያመሰግንለትን ሰው የማይወድ የለም። «ታዲያ እንደኛው አድርጊያ!» አልኋት።

ረቡዕ

በሐረርና በድሬዳዋ ዞረን ወደ ኤረር ወረድን። ሙቀቱ ሌላ ነው፤ የጫማዬ ሶል ማጣበቂያው ቀልጦ እንደ ምላስ ተንጠለጠለ። ሆዳን በጨርቅ ጠፍራ አሰረችልኝና ቀሪውን ጉዞ እንደ ቁስለኛ ወታደር ሄድሁ። የምንሄድበት ቀበሌ ከኤረር ወዲያ ሜዳው ውስጥ ነው። ስሙን አልጽፍም፤ የሰዎቹንም እውነተኛ ስም ለውጫለሁ።

ያሳደሩን አደር ኑር ይባላሉ። አደር ማለት አጎት ነው፤ ለታላቅ ሰው ሁሉ ይባላል። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲስቁ ትከሻቸው የሚንቀጠቀጥ ሽማግሌ ናቸው። ሚስታቸው ኤዶ ፋዱማ በባቡሩ ዘመን ኤረር ጣቢያ ለመንገደኛ ብርቱካን ሲሸጡ አማርኛ ለምደዋል፤ «ተቀመጪ፣ ጣፋጭ ነው፣ ቅመሺ» ይሉኛል፤ ሁሉንም ነገር እንደ ብርቱካን ነው የሚያቀርቡት። ገና እንደ ገባን የግመል ወተት በትልቅ ዕቃ መጣ። ረቡዕ መሆኑ ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። ለእንግዳ የመጣ ወተት አልጠጣም ማለት ምን ማለት እንደሆነ ሆዳን ነግራኛለች፤ ጾሜን መሻር ደግሞ አልችልም። ዕቃውን ይዤ ፈዝዤ ቀረሁ።

ፋዱማ አዩኝና «ጾም ነው?» አሉ።

«ጾም ነው።»

«እኛም ጾም እናውቃለን» ብለው ወተቱን ወሰዱና ቴምርና ያለ ወተት የተፈላ ሻይ አመጡልኝ። ብርድ ልብሱን ስሰጣቸው ግን ሳቃቸው መንደሩን ሰበሰበው። ጎረቤቱ ሁሉ እየመጣ ዳሰሰው። በመጨረሻ ግድግዳው ላይ ሰቀሉት፤ ቤቱን አደመቀው።

የዚህ ቀበሌ ችግር ውሃ ነው። ጉድጓዱ ተቆፍሯል፣ ሞተሩ ተተክሏል፣ ቧንቧውም ቆሟል። የሞተሩ ቤት ቁልፍ ግን ያለው ከላይ የተሾመው አስተዳዳሪ እጅ ነው። እሱ ደግሞ የሚኖረው ሌላ ከተማ ነው፤ እዚያ ቀበሌ አንድ ሌሊት አድሮ አያውቅም ይላሉ። ደስ ሲለው ይመጣል፣ ሞተሩን ያስነሣል፤ ሲከፋው ይቀራል። እኛ በደረስንበት ጊዜ ከቀረ ቆይቶ ነበር፤ ሴቶቹ ሌሊት ተነሥተው ሩቅ ሄደው ነው የሚቀዱት። አደር ኑር በሆዳን በኩል እንዲህ አሉኝ፦ «ውሃው የኛ ነው፣ መሬቱ የኛ ነው፣ ጥማቱም የኛ ነው። ቁልፉ ብቻ የሰው ነው።»

ሐሙስ

ጠዋት ከግራሩ ሥር ተሰበሰቡ። ወንዶቹ ክብ ሠርተው ተቀመጡ፤ ሴቶቹ ከኋላ ምንጣፍ ላይ። ለእኔ ከየት እንዳመጡት የማላውቀው የፕላስቲክ ወንበር ተሰጠኝ። ሆዳን ነገሩን ጀመረች፦ ቁልፉን የሚይዙ ሰዎችን ራሳችሁ ምረጡ፤ ከዚያ ነገሩን በሕጉ መሠረት ወደ ወረዳው እንወስደዋለን። ሰው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ንግግር ተጀመረ፤ እንደ ቱሊ ጉሌዱ።

እኩለ ቀን ሲቃረብ ሆዳን ተነሣችና «እንግዲህ ሁላችሁም ተናግራችኋል። ቁልፉ በሕዝብ በተመረጡ ሰዎች እጅ ይግባ የሚል እጁን ያውጣ» አለች።

ማንም እጁን አላወጣም። አንድ ጺማቸውን ሂና የተቀቡ ሽማግሌ ተቆጥተው ተናገሩ። ሆዳን በአጭሩ ተረጎመችልኝ፦ «እኛ እስክንስማማ እናወራለን፤ ስንስማማ ‹አገሩ እንዲህ አለ› ይባላል፤ ማን አለ አይባልም፤ እያሉ ነው። በዚህ አካሄድ ደግሞ ሴቶቹን የሚሰማቸው የለም።»

እኔን ሙቀቱ አናቴን በርቅሶኛል። «ታዲያ እስከ መቼ ሊያወሩ ነው?» አልሁ፤ ጮክ ብዬ። ሆዳን ተረጎመችው። ሰው ሳቀ። አደር ኑር ከሁሉ በላይ ሳቁ፤ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። «እንግዳዋ እውነቷን ነው። እኛ አውርተን ስንጨርስ ግመሎቹ ያልቃሉ» አሉና የመጀመሪያውን እጅ አወጡ። ረጅም ስለሆኑ እጃቸው ቅርንጫፉን ሊነካ ምንም አልቀረው።

ከእሳቸው በኋላ ሌሎቹ ወንዶች አወጡ። ሂና የተቀቡት ሽማግሌና ጥቂት ሰዎች እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ እንዳደረጉ ቀሩ። ከዚያ ከምንጣፉ በኩል አንድ የሴት እጅ ወጣ። ወተት የምትሸጠው ሰዓዳ ናት፤ ባሏ ሞቶባት ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድግ። እሷን አይተው ሌሎቹ ሴቶች ተከተሉ። ሆዳን አለቀሰች። እኔም እንባዬ መጣ፤ ዕድሜ ልኬን ሳስተምረው የኖርሁትን ነገር ፊት ለፊቴ ሳየው የመጀመሪያዬ ነበር። በወንዶቹ መካከል አንድ ሰው በስልኩ ዙሪያውን ይቀርጽ ነበር። በፎቶው ጥሩ ሆኜ እንድወጣ ነጠላዬን አስተካከልሁ።

ኤዶ ፋዱማ እጃቸውን አላወጡም። ፀሐይ ስትጠልቅ ላሆህ ሲጋግሩ (የኛ ስስ እንጀራ በሉት) አጠገባቸው ተቀምጬ ለምን እንደሆነ ጠየቅኋቸው።

«ኑር አወጣ» አሉ። «ከአንድ ቤት አንድ ይበቃል።»

«ለምን? የእርስዎ ድምፅ የራስዎ አይደለም እንዴ?»

«ሁለታችን ካወጣን ቤቱን ማን ይጠብቃል?» አሉና ላሆሁን ሰጡኝ። «ብዪ፣ ትኩስ ነው።»

ዓይን አፋርነት መሰለኝ። ሆዳንን «ሴቶቹ ገና ትምህርት ይፈልጋሉ» አልኋት። ይህን እዚህ የምጽፈው አፌ ያለውን ጆሮዬ እንዲሰማው ነው።

ዓርብ

በማለዳ ታጣቂዎች የጫነ መኪና መጣ። ታጣቂዎቹ ከቤት ቤት አልተቻኮሉም፤ ማን እጁን እንዳወጣ ለማወቅ መመርመር አላስፈለጋቸውም፤ ሁሉም አይቷል። አደር ኑር በትራቸውንና ሽርጣቸውን ጠይቀው ተሰጣቸው። ለፋዱማ አንድ ነገር ብለዋቸው ወጡ፤ በኋላ ስጠይቅ «ፍየሏን ከጥላ አስገቢያት አለኝ» አሉ። ሰዓዳን ወተት ስትቀዳ አገኟት። ዕቃውን እንድትከድን ፈቀዱላት። ከሴቶቹ እሷን ብቻ ወሰዱ፤ የመጀመሪያዋ ስለነበረች።

ሆዳን እየሮጠች ሄዳ መኪናው ፊት ቆመች። «የጠራኋቸው እኔ ነኝ! እኔን ውሰዱኝ!»

አስተዳዳሪው ከኋለኛው መኪና ወረደ። እንደ ጭራቅ ጠብቄው ነበር፤ ሸሚዙን የተኮሰ፣ ድምፁ ለስላሳ፣ አማርኛው ከእኔ የጠራ ሰው ነው። «አንቺ እንግዳ ነሽ» አላት። «እንግዳ አይነካም። ባህላችንን አንቺም ታውቂዋለሽ።» ወደ እኔ ዞረና «እናቴ፣ ፀሐዩ ይጎዳዎታል። ጥላ ውስጥ ይቀመጡ» አለኝ።

ተቀመጥሁ። በዚህ ጉዞ ካደረግሁት ሁሉ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። እንደ ታዘዝሁት ሄጄ ጥላው ውስጥ ተቀመጥሁ።

መኪናው ሰዎቹን ጭኖ ከሄደ በኋላ አስተዳዳሪው ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ የሞተሩን ቤት ከፈተው። ሞተሩ ሲነሣ ድምፁን የሰማ ሰው ሁሉ፣ ያ ሁሉ ሆኖ እንኳ፣ ለአፍታ ፊቱ በራ። ጀሪካን ተይዞ ተወጣ፣ ሰልፍ ተሠራ። ቧንቧው ጋ ግን ታጣቂ ቆሟል፤ አጠገቡ ያ በስልኩ ይቀርጽ የነበረው ሰው። ተራው የደረሰውን ሁሉ ይጠይቃሉ።

«እጅሽን አውጥተሻል?»

ያወጣች ትመለሳለች። አንዷ አላወጣሁም ብላ ዋሸች፤ ሰውዬው ስልኩን ሳያይ ሳቀባትና ጀሪካኗን በእግሩ ገፋው። የሰዓዳ እህት ሳትጠየቅ ነው የተመለሰችው። የፋዱማ ተራ ደረሰ።

«አውጥተሻል?»

«አላወጣሁም።»

«ቅጂ።»

ሁለት ጀሪካን ሞልተው እኔ ወደተቀመጥሁበት መጡ። ፊታቸው ላይ ምንም አላነበብሁም። ኩባያ ቀድተው ሰጡኝ፤ ሌላ ኩባያ ለሆዳን። ዓርብ ነው፣ ወተት አይሆነኝም፣ ከውሃ በቀር የምቀምሰው የለም፤ ጉሮሮዬ ደርቋል። ጠጣሁት። ሆዳን ኩባያውን ሳትቀምስ መልሳ አስቀመጠችው።

«ያን ሁሉ ሰው እጅ ያስወጣሁ እኔ ነኝ» አለችኝ በአማርኛ፣ ቀስ ብላ። «የቀበሌው ነዋሪ ስላልሆንኩ፣ ሕጉ አይፈቅድም ብዬ፣ የራሴን ግን አላወጣሁም።»

ፋዱማ ሁለተኛውን ጀሪካን ሲመሽ ወደ ሰዓዳ ልጆች ይዘው ሄዱ። ማንም አላገዳቸውም፤ እጃቸውን ያላወጡ ሴት ናቸውና።

ቅዳሜ

ፋዱማ ለባላቸው ምግብ ሊያደርሱ አብረውን ወደ ወረዳው ከተማ መጡ። ብርድ ልብሱን ከግድግዳው አውርደው አጥፈው ይዘውታል። «እዚያ ወለሉ ሲሚንቶ ነው» አሉ። እሥር ቤቱ በር ላይ ጠባቂው ምግቡን ተቀበለ። ብርድ ልብሱን ሲቀበል ጫፉን በጣቱ አሸት አሸት አደረገና «ጥሩ ነው፣ የት ነው የተሠራ?» አለ። ነገርሁት። ይዞት ገባ። ለአደር ኑር ይድረሳቸው፣ ለእሱ ይቅር፣ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ፋዱማ ሲሰናበቱኝ ብርቱካን ሰጡኝ፤ ከየት እንደገዙት አላየሁም። «ቅመሺ፣ ጣፋጭ ነው» አሉኝ። እንደ ልማዳቸው።

ድሬዳዋ መናኸሪያ ላይ ሆዳን ቦርሳዬን እስከ ወንበሬ አደረሰችልኝ። ወርዳ መስኮቱ ሥር ቆመችና «እትዬ፣ ጥፋቱ የማን ነው?» አለችኝ።

«የወሰዷቸው ሰዎች ነዋ!»

«እሱንማ አውቃለሁ» አለች። ሌላ ነገር እንድላት ጠበቀች። አውቶቡሱ ተነሣ።

ከዚያ ወዲህ ደውላልኛለች። አደር ኑር ተፈተዋል፤ ከግራሩ ሥር እንዳይቀመጡ ተነግሯቸው፣ አሁን ከቤታቸው በር ላይ ናቸው አሉ፤ ስለ ውሃ ለሚጠይቃቸው «ሚስቴን ጠይቁ» ይላሉ። ሰዓዳ ይህን እስክጽፍ ድረስ አልተፈታችም፤ ልጆቿ ፋዱማ ቤት ናቸው። ቁልፉም ያው እዚያው ኪስ ውስጥ ነው። ሆዳን አሁንም ትዞራለች። ስብሰባ ላይ ሽማግሌዎቹ እስኪጨርሱ ቁጭ ብላ ትሰማለች፤ ቢመሽም ታድራለች። በዚህ ሁሉ ሴቶቹን የሚሰማቸው አለ ወይ ብላት ወሬውን ወደ ጤናዬ መለሰችው።

ባለፈው እሑድ የዕድራችን የዳኛ ምርጫ ነበር። እንደ ወትሮው ድንኳኑ ውስጥ ተሰበሰብን፣ ጸሐፊው ስም ጠራና «እጅ አውጡ!» አለ። ሰው እየተሳሳቀ፣ እየተጎሻሸመ እጁን አወጣ። አጠገቤ ያለችው ወይዘሮ አየለች በክርኗ ነካ አድርጋኝ «ምነው፣ እጅሽን ያምሻል?» አለችኝ። አያመኝም። የሰውየውን ዳኝነትም እደግፋለሁ። ግን ከኋላ ወንበር ላይ አንድ ልጅ እግር ለማስታወሻ ብሎ በስልኩ ይቀርጽ ነበርና፣ እጄን ከነጠላዬ ሥር ሳላወጣ ቀረሁ።